የመኪናው ስርጉድ የት ይደር

መቀሌ በመምህርነት ተመድቤ የመጣሁት ጣሊያን ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ነው። የተከራየኋት ክፍል በአንድ የወሎ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነበረች። ሰውየው አቡጀዲና ማግ ይሸጣል። ሰው አክባሪ፣ ልብሱ ዘወትር ንጹሕ፣ ከያዘው ሐሳብ ግን ንቅንቅ የማይል ሰው ነበር። ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን የገዛት አንዲት ትንሽ ጥቁር መኪና ነበረችው። የኋላዋ እንደ እንቁላል ድብልብል ያለ ሲሆን ከቀኝ ጎኗ ተነሥቶ በጀርባዋ ዞሮ እስከ ግራ ጎኗ፣ ወደ ላይም እስከ ጣሪያዋ የሚደርሰው ላሜራ አንድ ወጥ ነበር። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ኋላ የሆነው ነገር ሁሉ የመጣው ከዚህ ስለሆነ ነው።

መኪናዋ ከተገዛች ወዲህ ብዙም ተንቀሳቅሳ አታውቅም። ቤንዚን የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲገኝም አከራዬ «ለክፉ ቀን ይሁን» ብሎ ከድኖ ያስቀምጠዋል። ታዲያ መኪናዋ ምን ትሠራለች? እንግዳ መቀበያ ነበረች። ከዐሥር ሰዓት ጸሎት በኋላ አከራዬ ነጭ ጥምጣሙን ጠምጥሞ ከመሪው ኋላ ይቀመጣል። ለትልቅ ጉዳይ የመጣ ሰው አጠገቡ፣ ለትንሽ ጉዳይ የመጣ ከኋላ ይገባል። ዋጋ የሚነጋገሩት፣ የታመመ የሚጠያየቁት፣ የተጣላ የሚያስታርቁት እዚያው ነው። መኪናዋን ለማስገባት የፈረሰው አጥር ዳግም ስላልታጠረ ጀርባዋ ወደ መንገዱ ነበር። አከራዬ ከመቀመጫው ሳይነሣ በመስተዋቱ እያየ፣ አላፊ አግዳሚውን በጎማ ኳስ በሚጨመቀው ጥሩምባ ሰላም ይላል። ለተራ ሰው አጭር፣ ለሚያውቀው ሰው ደጋግሞ፣ ለሽማግሌ ረዘም አድርጎ።

አንድ ቀን ከጨው ሜዳ የተመለሰ አንድ ሽማግሌ አሞሌ የጫነ ግመሉን እየሳበ በዚያ መንገድ መጣ። አከራዬም እንደ ልማዱ፣ ለሽማግሌ የሚገባውን ረዥሙን ጥሩምባ ነፋለት። ግመሉ እንዲህ ያለ ድምፅ በማይሰማበት በረሓ ከርሞ የመጣ ነው። ባለበት ዞረ። ሲዞር በጎኑ የተንጠለጠለው አሞሌ የመኪናዋን ጀርባ መታው። ደንግጦ ሊመለስ ሲል ደግሞ በሌላኛው ጎኑ ያለው አሞሌ ደገመው። እኔ ከትምህርት ቤት መመለሴ ነበርና ሁሉንም አየሁ። በቀኝ በኩል ሳህን የሚያህል ትልቅ ስርጉድ፣ ከሥሩም እንደ ጫጩት የተሰበሰቡ ትናንሽ ስርጉዶች ወጡ።

አከራዬ ከመኪናዋ ዘሎ ወረደ። «አንተ ሰውዬ! ግመልህ መኪናዬን ገደላት!»

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ የጮህክበት አንተ ነህ» አለ ሽማግሌው። «ግመል ሰላምታ አያውቅም።»

«አክብሬህ እኮ ነው!»

«በአፍህ ብታከብረኝ ምን ነበረበት?»

ሰው ተሰበሰበ። የአገሩ ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ ዋናው ሽማግሌ አጭርና ቀጭን፣ ሲናገር ዐይኑን የሚጨፍን ሰው ነበር። ሁለቱንም ሰማ። ልማዱ የታወቀ ነው፤ ጉዳት ያደረሰ ከብት ጉዳቱ እስኪካስ ድረስ በተጎዳው ሰው እጅ ይያዛል። ባለግመሉ ያለውን ሁሉ ለመካስ እሺ አለ። አከራዬ ግን እጁን አወዛወዘ።

«ካሳ አልፈልግም። እንደ ነበረች ትሁንልኝ። ስርጉዱ ይውጣ፤ ግመሉ ይሂድ።»

ዋናው ሽማግሌ ዐይኑን ጨፍኖ አሰበና «የሰው ፍላጎት እንዲህ ከሆነ እንዲህ ነው» አለ። ግመሉ የሚታሰርበት ቦታ ሲፈለግ ግቢው ጭንጫ ሆኖ ካስማ አልገባ አለ፤ ዛፍም አልነበረም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ተያዡ ከተበዳዩ ጋር ይታሰር» አለ። እንዲህ ያለ ሕግ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም፤ ሲናገረው ግን ከጥንት የወረደ መሰለን። ግመሉ ፓራውልት በሚሉት የመኪናዋ የኋላ ብረት ላይ ታሰረ።

ባለግመሉ ሄዶ ሄዶ የኔን ደጅ ያንኳኳው ያን ዕለት ማታ ነው። አቦይ፣ ማለትም አባቴ፣ እያልሁ እጠራው ጀመር። እሱ ያስረዳኝን እኔም ላስረዳ። ጨው ለማምጣት ወደ ቆላው የሚወርዱትን ሰዎች አርሖ ይሏቸዋል። መንገዱ በረሓ ስለሆነ ለብቻው የሚሄድ የለም፤ ሁሉም በአንድነት ተሰብስቦ ይወርዳል። ከሚመጣው ገበያ ማግስት የሚወርደው ጭፍራ ሙቀቱ ሳይጠና የሚወርደው የመጨረሻው ነው። የአቦይ ሀብት ያ አንድ ግመል ብቻ ነው።

«ወደይ፣ ልጄ» አለኝ፤ «እነሱ ከወረዱ እኔ እስከ መስቀል ምን ልሆን ነው? ያ ግመል እስከዚያ የሚበላ እንጂ የሚያበላ አይደለም።»

«የተሰረጎደ ላሜራ የሚያቀና ባለሙያ አለ፤ ባትላሜራ ይሉታል» አልሁት።

«የት ነው ያለው?»

«አስመራ።»

ባለሙያው ከአስመራ ተጠርቶ እስኪመጣ መስቀልም ያልፍ ነበር። በነጋታው አከራዬና አቦይ አብረው መጡ። የተስማሙበት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነበር፤ «መምህር አለ አይደል? የሳይንስ ትምህርት ያስተምራል አይደል? እሱ ያውጣው።» እኔም ነገሩን አስረዳኋቸው። ላሜራ የመለጠጥና የመመለስ ጠባይ አለው፤ ከውስጥ ወደ ውጭ በልክ ከተገፋ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከገበያው በፊት ይወጣል አልሁ።

የአከራዬ ባለቤት የበርበሬ ዘነዘና ሰጠችኝ፤ ጫፉን በበግ አጎዛ ጠቀለልሁት። ችግሩ ግን እኔ ከትምህርት ቤት የምመለስበት ሰዓትና አከራዬ እንግዳ የሚቀበልበት ሰዓት አንድ መሆኑ ነበር። ሰዓቱን እንዲለውጥ ብለምነው «ሰዉ የሚያውቀኝ በዚህ ሰዓት ነው» አለኝ። ስለዚህ እሱ ከፊት ተቀምጦ ስለ አቡጀዲ ዋጋ ይነጋገራል፤ እኔ ከኋላ በደረቴ ተኝቼ እወቅጣለሁ።

አንድ ከውቅሮ የመጣ ነጋዴ አንገቱን አዙሮ አየኝና «ከኋላህ የሚያንኳኳው ምንድን ነው?» አለው።

«መምህራችን ነው።»

«ምን ያደርጋል?»

«ያስተምራል» አለ አከራዬ። «ስለ አቡጀዲው ቀጥል።»

ስወርድ ትናንሾቹ ስርጉዶች ወጥተዋል። ችግሩ ከሚገባቸው በላይ መውጣታቸው ነበር። ጉድጓድ የነበረው ሁሉ ጉብታ ሆኗል። ባለቤትየዋ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ተመለከተች።

«የኔ ልጅ፣ ጉድጓዱን ደፈንክና ብጉር አበቀልክባት።»

አከራዬ በጣቱ እየዳሰሰ «ስርጉድ ይሻለኝ ነበር» አለ። «ስርጉድስ በቆንጆ ጉንጭም ይወጣል።»

ከዚያ በኋላ የማይሳሳት ዘዴ አገኘሁ፤ ለሚያስፈልገው ሰው እዚህ ላስፍረው። ከውጭ በኩል አቦይ ለስላሳ የዋንዛ ጣውላ አስደግፎ ይይዛል፤ እኔ ከውስጥ ቀስ እያልሁ፣ ከስርጉዱ ዳር ጀምሬ ወደ መካከል እየተጠጋሁ መታ መታ አደርጋለሁ። ጉብታው በጣውላው ተከልክሎ ልኩን ይይዛል። መስተካከሉን ለማወቅ ደግሞ ላሜራውን በዘይት አብሶ ትይዩ ነጭ ገመድ መወጠር ነው። የገመዱ ጥላ በላሜራው ላይ ቀጥ ብሎ ከታየ ሥራው አልቋል፤ ተጣሞ ከታየ የተጣመመበት ቦታ ገና ነው። አቦይ ይህን ገመድ ይወደው ነበር። አንገቱን ወዲያና ወዲህ እያለ «እዚህ ጋ ገና ያነክሳል» ይለኛል።

እንዲህ እያደረግን ትናንሾቹን አንድ በአንድ አወጣናቸው። በማግስቱ ስመለስ ግን ሌሎች ትናንሽ ስርጉዶች ወጥተው አየሁ። ግመሉ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲውል ጎኑን ያሳክከዋል፤ በአጠገቡ ያለው ማከኪያ ደግሞ መኪናዋ ብቻ ናት። እኛ ማታ ማታ እናወጣለን፤ ግመሉ ቀን ቀን ያስገባል። ግመሉ የታሰረው ስርጉዱ ስላልወጣ ነው፤ ስርጉዱ ያልወጣው ግመሉ ስለታሰረ ነው። ይህን ለአከራዬ በጥንቃቄ አስረዳሁት።

«ገብቶኛል» አለኝ። «ታዲያ ቶሎ አውጣው።»

«ጋሼ፣ ሌላ ቦታ ብናስረውስ?»

«ያሰሩት ሽማግሌዎች ናቸው። እኔ ሽማግሌ ያሰረውን አልፈታም፤ ነውር ነው።»

አዲሱን ከቀድሞው ለመለየት ብዬ የቀድሞዎቹን ስርጉዶች በጠመኔ ከበብኋቸው። ሽማግሌዎቹ ጉዳዩ የት እንደ ደረሰ ሊያዩ መጡ። ዋናው ሽማግሌ ዐይኑን ጨፍኖ «ከብቱ በእጅህ ከገባ በኋላ ያደረሰው ጥፋት የያዥው ነው፤ የባለቤቱ አይደለም» አለ።

አከራዬ ወደኔ ዞረ። «እንግዲያው የቱ የኔ ነው? የቱስ የሱ?»

ሁላችንም ወደ ላሜራው ተመለከትን። አንድም የጠመኔ ምልክት አልነበረበትም። ግመሉ አፉን እያኘከ ከበላያችን ይመለከተናል፤ ከንፈሩ ነጭ በነጭ ሆኗል። ጨው ሲሸከም ኖሮ ጠመኔ የላሰ ግመል አይፈረድበትም።

«ትናንሾቹ ይቻቻሉ» አለ ዋናው ሽማግሌ። «ትልቁ ግን ከነባለቤቱ ይቆያል።»

ገበያው ቀርቦ ነበር። ትልቁ ስርጉድ ከውስጥ በዘነዘና የማይደረስበት ቦታ ላይ ነበር፤ ከኋላው የመቀመጫው ብረት አለ። መግፋት ካልተቻለ የቀረው መሳብ ነው። ግን ለስላሳ ነገር በምን ተይዞ ይሳባል? ይህን እያሰብሁ ስሄድ ከጎረቤት አንዲት ሴት ራሷን አሟት ዋግምት ሲደረግላት አየሁ። ዋግምት ማለት ጫፉ የተበሳ የከብት ቀንድ ነው፤ ሰፊውን አፉን ከቆዳ ላይ ደፍተው በቀዳዳው አየሩን በአፍ ይስቡና ቀዳዳውን በሰም ይደፍኑታል። ውስጡ ባዶ ስለሚሆን የውጭው አየር ቀንዱን ይጫነዋል፤ ቆዳውም ወደ ቀንዱ ውስጥ ይሳባል። ለቆዳ የሠራ ለላሜራ የማይሠራበት ምክንያት የለም። እየሮጥሁ ባለዋግምቱ ቤት ገባሁ።

ባለዋግምቱ በከተማው ስሙ የተጠራ፣ ራሱንም እጅግ የሚያከብር ሰው ነበር። ቀንዶቹን በፍየል ቆዳ ከረጢት ውስጥ በየመጠናቸው ደርድሮ ያኖራል።

«ታማሚው ማን ነው?» አለኝ።

«መኪና ናት።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። ከዚያ ከረጢቱን እየሳበ «ዕድሜዋስ?» አለ።

«እኔ እንጃ፤ ስትገዛም አሮጌ ነበረች።»

«የሚያማት ምኗን ነው?»

«ጀርባዋን።»

«ጀርባ ይሆንልኛል» ብሎ ተነሣ።

ስንደርስ አከራዬ ከመሪው ኋላ ተቀምጧል። ባለዋግምቱ መኪናዋን ዞሮ አያት፤ በጣቱ መታ መታ አድርጎ አዳመጠ፤ ፀሐይ እንዳያገኛት ነጠላ አስጋረደባት። ከዚያ ከኪሱ ምላጭ አወጣ።

«ይህ ምንድን ነው?» አልሁት።

«ሳይበጣ ዋግምት የለም።»

«ቀለሙን ትልጠዋለህ! ደም የላትም እኮ!»

«ደም የላትም ብለህ ለምን ጠራኸኝ?»

አከራዬ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጮኸ። «ምላጭ ያስነካሃት እንደሆን እጅህን እቆርጠዋለሁ!»

ባለዋግምቱ ከረጢቱን መሰብሰብ ጀመረ። አቦይ ከጉልበቱ ሥር ወደቀ፤ «አባቴ፣ ስለ እግዚአብሔር፤ ነገ ገበያ ነው፤ ከነገ ወዲያ ይወርዳሉ» አለው። በብዙ ልመና ታረቅን። ባለዋግምቱ ምላጩን ከላሜራው አንድ ጣት ያህል አርቆ አየሩን በጣ፤ ሥርዐቱም ሳይጓደል፣ ቀለሙም ሳይጫር ቀረ።

የቀንዱን አፍ ቅቤ ቀባው። አየር እንዳያስገባ መሆኑን ለቆሙት ሰዎች ሳስረዳ ባለዋግምቱ አቋረጠኝ፤ «እንዳያማት ነው» አለ። ደፍቶ ሳበ። ጉንጩ እስኪጎደጉድ ሳበና ሰሙን በምላሱ አቀብሎ ቀዳዳውን ደፈነው። ቀንዱ ለጥቂት ጊዜ ይዞ ወደቀ። ከዚያ ትልቅ የበሬ ቀንድ አወጣ፤ አጠገቡም ሌሎች ጨመረ። መኪናዋ ከጀርባዋ ቀንድ አበቀለች። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። «እያላባት ነው» ያለም አልጠፋ፤ ቅቤው ቀልጦ ነው።

«አሁን!» አልሁ። ባለዋግምቱና አቦይ ቀንዶቹን ይዘው ሳቡ። እኔም የአቦይን ወገብ ይዤ ሳብሁ።

«ጓ!» አለ።

ትልቁ ስርጉድ ወጣ። ገመዱ በላሜራው ላይ ቀጥ ብሎ ታየ። ባለቤትየዋ እልል አለች። አቦይ ሦስት ጊዜ አማትቦ የግመሉን ገመድ መፍታት ጀመረ። በዚህ መካከል አከራዬ ከመኪናዋ ወርዶ በዝግታ ሲዞር ከግራ በኩል ድምፁ ተሰማ።

«መምህር፣ እስቲ ወዲህ ና።»

ሄድሁ። በግራ ጎኗ ሳህን የሚያህል ስርጉድ ተቀምጧል። መጠኑም፣ መልኩም፣ አንዱ ዳር ትንሽ ቆልመም ማለቱም የዚያኛው ነበር። ተሻግሯል።

እሱን በዋግምት ሳብነው፤ «ጓ!» አለና ወደ ቀኝ ተመለሰ። ደግመን ሳብነው፤ ከመካከል ከኋላ መስኮቱ በታች ገባ፤ ሲመሽ ለመጨረሻ ጊዜ ሳብነውና ተመልሶ በግራ አደረ። ባለዋግምቱ ላቡን እየጠረገ «በሽታው ተንቀሳቃሽ ነው» አለ። «እንዲህ ያለ ቁርጥማት አውቃለሁ።»

በማግስቱ፣ በገበያው ቀን፣ ሽማግሌዎቹ ከመኪናዋ ፊት ተቀመጡ። ስርጉዱ ያን ጊዜ በግራ በኩል ነበር። ከሩቅ አርሖዎቹ ለነገ የሚሰበሰቡበት ጩኸት ይሰማል። አቦይ ተነሥቶ ተናገረ።

«የኔ ስርጉድ በቀኝ ነበር። ሁላችሁም አይታችኋል። ወጥቷል፤ እልልም ተብሎለታል። ይህ የግራው ሌላ ነው፤ እኔ አላውቀውም።»

«ራሱ ነው!» አለ አከራዬ። «ሰርጎ ሄደ እንጂ አልወጣም!»

«ስርጉድ እግር አለው እንዴ?»

«እግር ከሌለው ከየት መጣ ታዲያ?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «በሬ ከአንዱ ማሳ ወጥቶ ወደ ሌላው ማሳ ቢገባ ባለቤቱ ይለወጣል?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው «በሬ ጆሮው ላይ ምልክት አለው፤ ይህ ምን ምልክት አለው?» አለው። ተነሥተው ስርጉዱን በስንዝር ለኩት፤ ዳሰሱት፤ ቀኙን ጎንም ባዶ መሆኑን ዳሰሱ። በስርጉዱ ማንነት ላይ ክርክሩ እስከ ቀትር ዘለቀ። አቦይ በየመካከሉ ወደ ፀሐዩ ያያል። ከአርሖዎቹ አንድ ባልንጀራው መጥቶ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ሌሊት እንጭናለን፤ አንጠብቅህም» ብሎት ሄደ። ያን ሲሰማ አቦይ ተቀመጠ፤ እጁንም በጉልበቶቹ መካከል ጨበጠ።

ያን ጊዜ ለመናገር ፈቃድ ጠየቅሁ። ሌሊቱን ሳስበው አድሬ የነገሩን ምክንያት አግኝቼው ነበር። «አሞሌው ሲመታው ላሜራው ተለጥጧል» አልኋቸው። «አሁን ከነበረበት ቦታ ይሰፋል። ከስፍራው የሰፋ ነገር በአንድ በኩል ሲስተካከል ትርፉ በሌላው በኩል ይወጣል። ለጠባብ አልጋ የተሰፋ ሰፊ ፍራሽ እንደ ማለት ነው፤ አንዱን ዳር ሲያስገቡት ሌላው ዳር ያብጣል።»

ዋናው ሽማግሌ ዐይኑን ከፈተ። «ትርፉ ጨርሶ አይጠፋም ነው የምትለው?»

«አይጠፋም።»

«በመኪናዋ ላይ የሆነ ቦታ ማደሩ ግድ ነው?»

«ግድ ነው።»

«ታዲያ እስካሁን ‹ይውጣ› እያልን ምን አደከመን? የምንጠይቀው ‹የት ይደር› ብለን ነው።»

ሁሉም ተነሥተው ለስርጉዱ ማደሪያ ፍለጋ መኪናዋን ዞሩ። አከራዬ አብሮ እየዞረ እምቢ ይላል። «በቀኝ አይሆንም፤ ከገበያ የሚመጣው ሰው ያየዋል። በግራ አይሆንም፤ ከመስጊድ የሚመጣው ያየዋል። ከኋላ ጭራሽ አይሆንም፤ መንገዱ ነው።» ዋናው ሽማግሌ ቁመቱ አላደርስ ስላለው ድንጋይ አስመጥቶ ወጣበትና ከላይ ተመለከተ።

«እዚህ ጣሪያው ላይስ? ማን ያየዋል?»

«አላህ ያየዋል» አለ አከራዬ።

«እሱ ቀድሞም አይቶታል።»

አከራዬ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና «ዝናብ ቢጠራቀምበትስ?» አለ። «በክረምት ታለብሳታለህ» አሉት። «ደግሞ ቢወርድስ? ከሄዱ በኋላ ሌሊት ወደ ጎኗ ቢወርድብኝ ማንን እይዛለሁ? ግመሉ የለ፣ ሰውየው የለ። ዋስ ይጠራልኝ» አለ አከራዬ።

ለስርጉዱ ዋስ መጥራት ግድ ሆነ። ከቆመው ሰው ማንም አልተንቀሳቀሰ። አቦይ ማንንም አልለመነም፤ እግሩን ነበር የሚያየው። እኔ እጄን አወጣሁ። «ከጣሪያው ላይ እንዳይወርድ እኔ ዋስ ነኝ» አልሁ። ዋናው ሽማግሌ ቃሌን አስደገመኝ፤ ምስክሮቹም ሰሙ።

ሥራው የተሠራው እንዲህ ነው። ባለዋግምቱ በከረጢቱ ያሉትን ቀንዶች ሁሉ በግራው ስርጉድ ላይ አበቀለ። በቀኝ በኩል ሁለት ጎልማሶች የዋንዛ ጣውላ ደግፈው ቆሙ፤ ከኋላ መስኮቱ በታች ደግሞ ሁለት ሽማግሌዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ተደገፉ። ትርፉ በየትም መሄጃ አጥቶ ወደ ላይ እንዲወጣ ነው። አከራዬ ውስጡ እንዲሆን አልፈለግሁም፤ እሱ ግን ሰዓቱ ደርሶ ነበርና ጥምጣሙን አስተካክሎ ከመሪው ኋላ ገባ። ሳብን። ላሜራው በግራ አጉረመረመ፤ በቀኝ ጎልማሶቹን ገፋ፤ ከኋላ ሽማግሌዎቹን ነቀነቃቸው። ከዚያ ከበላያችን «ጓ!» አለ።

«ጥምጣሜን ነካኝ!» ሲል ከውስጥ አከራዬ ጮኸ።

ድንጋዩ ላይ ወጥቼ አየሁ። ሳህን የሚያህለው ስርጉድ በጣሪያው መካከል ጉብ ብሏል። በገመዱ ጎኖቿን ሁሉ መረመርን፤ በየትም አላነከሰም። ዋናው ሽማግሌ የግመሉን ገመድ በገዛ እጁ ፈታ። አከራዬ ጥምጣሙን እያቀና ወርዶ ከቤት አንድ እቅፍ ጭድ አስመጣና «መንገድ ነው፤ ይብላ» አለው ለአቦይ። አቦይ ጭዱን በአቁማዳ ከተተው፤ ጊዜ አልነበረውም። ግመሉን እየሳበ፣ አንዳንዴም ግመሉ እሱን እየሳበው፣ በሩጫ ወረደ። ያን ሌሊት ጭፍራው ሲያልፍ በክፍሌ መስኮት ሰማሁት፤ የግመሎቹ እግር እንደ ጥጥ ነው፤ የሚሰማው የሰዎቹ ፉጨት ነው።

ዋስነት ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሳምንታት፣ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት አከራዬ ደጄን ያንኳኳል።

«መምህር፣ እስቲ እይልኝ።»

ድንጋዩ ላይ እወጣለሁ።

«አለ?»

«አለ።»

«አልተንሸራተተም?»

«እዚያው ነው።»

«ትንሽ ወደ ቀኝ አላጋደለም?»

ገመድ ወጥሬ አረጋግጥለታለሁ። እሱም ረክቶ ገብቶ ይቀመጣል። ጥምጣሙን ግን ዝቅ አድርጎ መጠምጠም ጀምሮ ነበር፤ በገበያው ውስጥ አንዳንድ ወጣቶችም እንደሱ መጠምጠም ጀመሩ።

አቦይ የተመለሰው ሙቀቱ ከበረታ በኋላ ነው። ከስቷል፤ ፊቱ ጠቁሯል፤ ግመሉ ግን አሞሌውን ሞልቶ ጭኗል። በግቢው በር ቆሞ ከአከራዬ ጋር ሰላምታ ጀመሩ። እንደ አገሩ ልማድ አንዱም የቤት አባል አልቀረም።

«ከመይ ቀኒኻ፣ ሓወይ? ሰላም ነህ?»

«አልሐምዱሊላህ። አንተስ? መንገዱስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ባለቤትህስ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ልጆቹስ? ላሚቱስ? ንግዱስ?»

«ሁሉም ደህና።»

አቦይ ከመኪናዋ በላይ ለማየት በጣቶቹ ጫፍ ቆመ። «ስርጉዱስ እንዴት ከረመ?»

አከራዬ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ደህና ነው፤ እዚያው ነው። ግባ እንጂ፣ ከፊት ተቀመጥ።»